ከደመወዝ ላይ የሚቆረጠው ግብር እንዴት ይሰላል?

ኢትዮጵያ ውስጥ ከተቀጣሪ ደመወዝ ላይ በየወሩ የሚነሱት ዋና ተቀናሾች የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ ናቸው። ግብሩ የሚሰላው በገቢ ግብር ሕጉ ሠንጠረዥ «ሀ» ነው። ሠንጠረዡ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከተሻሻለ ወዲህ እስከ 2,000 ብር ያለው የወር ገቢ ከግብር ነጻ ነው፤ ቀድሞ ነጻ የነበረው 600 ብር ብቻ ነበር። ከ2,000 በላይ እስከ 4,000 ላለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ላለው 20፣ እስከ 10,000 ላለው 25፣ እስከ 14,000 ላለው 30፣ ከዚያ በላይ ላለው ደግሞ 35 በመቶ ይታሰባል።

ብዙ ሠራተኛ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «እርከኑን ካለፍኩ ጭማሪውን ግብር ይበላዋል» የሚለው ስጋት መሠረት የለውም፤ ከፍ ያለው ምጣኔ የሚያርፈው ከእርከኑ በላይ በተረፈው ብር ላይ ብቻ ነው። ደመወዙ ከ13,900 ወደ 14,100 ብር ያደገ ሰው በ200 ብሩ ጭማሪ ላይ የሚከፍለው ግብር 65 ብር ነው። ጡረታውም 14 ብር ይጨምራል፤ 121 ብሩ ግን ኪሱ ይገባል። ስለዚህ ግብርን ፈርቶ የደመወዝ ጭማሪን መሸሽ ራስን መጉዳት ነው።

የሒሳብ ሠራተኞች እያንዳንዱን እርከን ለየብቻ አይደምሩም። ጠቅላላውን ገቢ በደረሰበት እርከን ምጣኔ አባዝተው ቋሚ ተቀናሽ ይቀንሱለታል። ተቀናሹ ለ15 በመቶ 300፣ ለ20 በመቶ 500፣ ለ25 በመቶ 850፣ ለ30 በመቶ 1,350፣ ለ35 በመቶ 2,050 ብር ነው። ቁጥሮቹ እንዲሁ የተቀመጡ አይደሉም። 300 ብር ነጻ የሆነው 2,000 ብር በ15 በመቶ ቢታሰብ ይወጣው የነበረው ግብር ነው፤ ሌሎቹም በዚሁ መንገድ በታችኞቹ እርከኖች ላይ በትርፍ የታሰበውን ይመልሳሉ።

12,000 ብር ደመወዝ እንውሰድ። 30 በመቶው 3,600 ነው፤ 1,350 ሲቀነስለት ግብሩ 2,250 ብር ይሆናል። ጡረታው የመሠረታዊ ደመወዙ 7 በመቶ፣ ማለትም 840 ብር ነው። አሠሪው ከራሱ የሚጨምረው 11 በመቶ ከሠራተኛው አይቆረጥም። በእጅ የሚደርሰው 8,910 ብር ነው። በቀድሞው ሠንጠረዥ የዚሁ ደመወዝ ግብር 2,700 ብር ነበር። ሰባት በመቶው ከግብሩ በፊት እንደማይቀነስ ልብ ይሏል፤ ግብሩ የሚታሰበው በሙሉው 12,000 ብር ላይ ነው።

የትርፍ ሰዓት ክፍያ ግብር ይከፈልበታል፤ ጡረታ ግን አይነካውም። ይኸው ሠራተኛ በወሩ 3,000 ብር ትርፍ ሰዓት ቢሠራ ገቢው 15,000፣ ግብሩ 3,200 ብር ይሆናል፤ ጡረታው እዚያው 840 ላይ ይቆያል። ከ3,000ው የሚተርፈው 2,050 ብር ነው። የትራንስፖርትና መሰል አበሎች ደግሞ በመመሪያ እስከተፈቀደው ጣሪያ ብቻ ነጻ ናቸው፤ ከዚያ ያለፈው ከደመወዝ ጋር ተደምሮ ግብር ይታሰብበታል።

ቅጥር ሲነጋገሩ «በእጄ 10,000 ይድረሰኝ» የሚል ሰው ሒሳቡን ወደ ኋላ መሥራት አለበት። ከተፈለገው የተጣራ ክፍያ ላይ የእርከኑ ቋሚ ተቀናሽ ይቀነሳል፤ ውጤቱም ከመቶ ላይ ግብርና ጡረታ ከወጡ በኋላ ለቀረው ይካፈላል። ለ30 በመቶው እርከን የሚቀረው 63 በመቶ ስለሆነ፣ 8,650 ለ0.63 ሲካፈል ወደ 13,730 ብር ጥቅል ደመወዝ ይመጣል። የተገኘው ቁጥር በተገመተው እርከን ውስጥ ካልወደቀ በቀጣዩ እርከን እንደገና ይሞከራል።

የተቆረጠውን ግብር ወሩ ካለቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ለግብር ሰብሳቢው ማስገባት የአሠሪው ግዴታ ነው።