የናሙና ሥራ ለፈጠራ ሰው ያለው ጥቅም

አንድ ሰው በእጁ የሌለውን ሀብት ሲያወራ አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያሉ ይተርቱበታል። አዲስ ነገር ለመሥራት ያሰበ፣ ነገር ግን ገንዘብ የሌለው ወጣት ባለገንዘብ ፊት ቀርቦ በቃል ብቻ ሲናገር ነገሩ ከዚህችው ላም አይለይም። ባለገንዘቡ እጁን የሚሰበስበው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ያላያትን ላም የሚገዛ ሰው ስለሌለ ነው። ስለዚህ ሥራ ለመጀመር የገንዘብ ረዳት የሚፈልግ የፈጠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያዘጋጅ የሚገባው ናሙና ነው።

ናሙና ስንል በፈረንጅ አፍ ፕሮቶታይፕ የሚባለውን፣ ማለት ገና ለገበያ ያልቀረበውን ነገር ግን ሐሳቡ በተግባር እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየውን የመጀመሪያ ሥራ ነው። ከካርቶንና ከሽቦ ሊሠራ ይችላል፤ በስልክ የሚሠራ ፕሮግራም ከሆነም ጥቂት ገጾች ብቻ ይበቁት ይሆናል። የናሙና ዋጋው በውበቱ ሳይሆን ባለገንዘቡ በልቡ ለሚያነሣው ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው። ይህንን ነገር የፎቶኮፒ መኪና ታሪክ በደንብ ያስረዳናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቼስተር ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1930 በካሊፎርኒያ በፊዚክስ ትምህርት ተመርቆ፣ በኋላ በኒው ዮርክ በአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ኩባንያ የፈጠራ መብት ክፍል ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ይህ ሥራ የጽሑፍና የሥዕል ቅጂ ዘወትር የሚፈለግበት ነው። በዚያን ዘመን ግን ቅጂ ለማግኘት ወይ በጽሕፈት መኪና እንደገና መጻፍ፣ ወይም ወረቀቱን ፎቶግራፍ ማስነሣት ግድ ነበር። ካርልሰን በዚህ ድካም ተማሮ ከሥራ በኋላ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እየተቀመጠ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ብርሃን ያነብ ጀመር። በመጨረሻም በከተማው አስቶሪያ በተባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ኦቶ ኮርናይ የሚባል ከኦስትሪያ የመጣ የፊዚክስ ሊቅ ረዳት አድርጎ ሥራውን ቀጠለ።

ጥቅምት 22 ቀን 1938 ሁለቱ ሰዎች የሠሩት ናሙና እጅግ ቀላል ነበር። አንድ የዚንክ ሰሌዳ ድኝ ቀቡ። በመስተዋት ቁራጭ ላይም የዕለቱን ቀንና «አስቶሪያ» የሚለውን ቃል በጥቁር ቀለም ጻፉ። ክፍሉን አጨልመው ድኙን በጨርቅ በማሸት የኤሌክትሪክ ኀይል እንዲይዝ አደረጉ። ከዚያም መስተዋቱን በላዩ አስቀምጠው ለጥቂት ሰኮንድ ብርቱ መብራት አበሩበት። ድኝ በጨለማ የያዘውን ኤሌክትሪክ ብርሃን ሲነካው ይለቃል። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ የቀረው በፊደሎቹ ጥላ ሥር ብቻ ነበር። ደቃቅ ዱቄት ነስንሰው እፍ ባሉበት ጊዜ ሌላው ሁሉ ሲበን፣ በፊደሎቹ ቅርጽ ያለው ዱቄት ተጣብቆ ቀረ። ይህንንም በሰም ወረቀት ላይ ገልብጠው በሙቀት አጸኑት። በዓለም የመጀመሪያው ደረቅ ቅጂ ይኸው ነበር።

ካርልሰን ከዚህ በኋላ ሥራው የሚቀና መስሎት ነበር። ነገር ግን ከ1939 እስከ 1944 ድረስ ከ20 በላይ የሆኑ ኩባንያዎችን ቢያነጋግር ሁሉም አልተቀበሉትም። ምክንያቱ ምንድን ነው? የአስቶሪያው ናሙና «ይህ ነገር በተፈጥሮ ሕግ ይቻላል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሷል። ኩባንያዎቹ ደግሞ በልባቸው የሚጠይቁት «ጸሐፊዬ በዚህ ልትጠቀም ትችላለች ወይ?» የሚለውን ነው። ትንሽ ሰሌዳና ደብዛዛ ጽሑፍ ለዚህኛው ጥያቄ መልስ አይሆኑም። ናሙናው ሐሰተኛ አልነበረም፤ ለቀረበለት ሰው ጥያቄ ግን ገና አልደረሰም ነበር።

በ1944 በኦሃዮ የሚገኘው ባቴል የተባለው የምርምር ድርጅት ሥራውን አየ። የዚህ ድርጅት ሊቃውንት የሚጠይቁት እንደ ነጋዴ ሳይሆን እንደ ተመራማሪ ስለ ነበር፣ ያ ደብዛዛ ጽሑፍ በቂ መልስ ሆነላቸው። በድኙ ፈንታ ሴሌኒየም የተባለውን ንጥረ ነገር ተጠቅመው፣ የሚሻል ደረቅ ቀለምም አግኝተው ቅጂው የጠራ እንዲሆን አደረጉት። የተሻሻለውን ሥራ ያየው በሮቼስተር ከተማ የፎቶግራፍ ወረቀት የሚሠራው ሃሎይድ የተባለ ትንሽ ኩባንያ በ1947 በፈጠራው ለመሥራት መብት ገዛ። ጥቅምት 22 ቀን 1948፣ ማለት ከአስቶሪያው ሙከራ ልክ 10 ዓመት በኋላ፣ ሥራው በዲትሮይት ከተማ ለሕዝብ ታየ። የሆነ ሆኖ በ1949 የወጣው የመጀመሪያው መኪና ብዙ የእጅ ሥራ የሚጠይቅ ነበር። ወረቀት አስቀምጦ ቁልፍ በመጫን ብቻ በደቂቃ 7 ቅጂ የሚሰጠው፣ ክብደቱ ወደ 294 ኪሎ የሚደርሰው መኪና የቀረበው በ1959 ነው። ኩባንያውም በ1961 ስሙን ለውጦ ዜሮክስ ተባለ። ዛሬ የፈተና ወረቀታችንን የሚያባዛው ፎቶኮፒ የዚያ ሥራ ልጅ ነው።

እንግዲህ ሦስት ደረጃ አየን። የመጀመሪያው ናሙና ነገሩ እንደሚቻል፣ ሁለተኛው ጥራት እንዳለው፣ ሦስተኛው ማንም ሰው ሊጠቀምበት እንደሚችል አስረዳ። በየደረጃው የገባው ገንዘብም እየበዛ ሄደ። ስለዚህ የፈጠራ ሰው ናሙናውን ከመሥራቱ በፊት «የማነጋግረው ሰው የሚጠራጠረው የቱን ነው?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ይገባዋል።

ይህን ከሚያውቁት አንዱ ኤሊሻ ኦቲስ ነበር። ዕቃ ወደ ፎቅ የሚያወጣ አሳንሰር ቀድሞም ነበር፤ ሰው የሚፈራው ገመዱ የተበጠሰ እንደ ሆነ ነው። ኦቲስ በ1854 በኒው ዮርክ ኤግዚቢሽን በሰው ሁሉ ፊት በአሳንሰሩ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ከወጣ በኋላ ገመዱን አስቆረጠ። አሳንሰሩም ጥቂት ዝቅ ብሎ ቀጥ አለ። ስለ መኪናው ጌጥ አንዲት ቃል አላስፈለገውም፤ የተጠራጠሩትን ብቻ አሳያቸው። በ1857 ሰው የሚያመላልሰው አሳንሰሩ በዚያው ከተማ በአንድ ባለ አምስት ፎቅ መደብር ገባ።

ነገር ግን ናሙና የሐሰት መሣሪያ ሊሆን እንደሚችልም መርሳት አይገባም። ኤልዛቤት ሆልምስ የተባለች አሜሪካዊት በ2003 ቴራኖስ የሚባል ኩባንያ አቋቁማ፣ ከጣት በሚወሰድ ጥቂት የደም ጠብታ ብዙ ዓይነት ምርመራ የሚያደርግ መኪና ሠርቻለሁ በማለት ከባለገንዘቦች ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበች። መኪናው ግን የሚሠራው ጥቂት ምርመራ ብቻ ሆኖ፣ አብዛኛው ምርመራ ሌሎች ፋብሪካዎች በሠሩት መኪና ይደረግ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና፣ በጥር 2022 ባለገንዘቦችን በማታለል ጥፋተኛ ተባለች፤ በዚያው ዓመትም ከ11 ዓመት በላይ እስራት ተፈረደባት። ናሙናው የማይሠራውን «ገና አልሠራም» ብሎ መናገር አያዋርድም። የሚያዋርደው መደበቁ ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ናሙናን ማሳየት ምስጢርን ማሳየት ነው። ካርልሰን የአስቶሪያው ሙከራ ሳይሳካ በፊት፣ በ1937 ነበር ለፈጠራው መብት ማመልከት የጀመረው። በአገራችንም በ1987 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር፣ የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 አንድ ፈጠራ መብት እንዲሰጠው አዲስ እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ ባለ ሐሳቡ ለብዙ ሰው ከማሳየቱ በፊት የሚያውቀውን ሰው ቢያማክር ይጠቀማል።

በየትምህርት ቤቱ የሳይንስ ዐውደ ርእይ በተደረገ ቁጥር ብዙ ናሙናዎች ይቀርባሉ። እንግዶች ያደንቃሉ፣ ይጨበጨባል፣ በማግስቱም ሥራዎቹ ወደ ዕቃ ቤት ይገባሉ። ይህ የሚያሳዝን ነገር ነው። ጓደኞቼ ሆይ፣ ከጭብጨባው በኋላ ጥቂት ቆይተን የትኛውን ጥያቄ እንደ መለስን፣ የትኛው እንደ ቀረን በደብተራችን እንጻፍ። መምህራንና ወላጆችም «ጎበዝ!» ካሉን በኋላ «ይህ የቱን ገና አይሠራም?» ብለው ቢጠይቁን ትልቅ ውለታ ይሆንልናል። አንድ ሰሌዳ፣ ጥቂት ድኝና ዱቄት 21 ዓመት ሙሉ እየተሻሻሉ የዓለምን ጽሕፈት ቤት ከለወጡ፣ በእኛም ዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ የለበሰው ሥራ ሁለተኛውን ናሙና እየጠበቀ ይሆናል።