ስለ ነዳጅ ሴልና ስለ ኤሌክትሮዱ ጥቀርሻ

ቤንዚን በሞተር ውስጥ ሲቃጠል ከኀይሉ የሚበዛው ክፍል ሙቀት ሆኖ ይባክናል። የነዳጅ ሴል የተባለው መሣሪያ ግን ነዳጁን ያለ ነበልባል ከኦክሲጅን ጋር አዋሕዶ ኀይሉን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ዊልያም ግሮቭ የተባለው የዌልስ ተወላጅ በ1839 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በቀጠነ ሱልፉሪክ አሲድ ውስጥ ከተነከሩ የፕላቲኒየም ቁራጮች በሃይድሮጂንና በኦክሲጅን አማካይነት ኤሌክትሪክ ማግኘቱን ገልጿል።

ሃይድሮጂን ግን ማከማቸቱ ያስቸግራል። ስለዚህ በሲሊንደር የምናውቃቸውን ፕሮፔንንና ቡቴንን በቀጥታ ለሴሉ ለመመገብ ብዙ ተደክሟል። ችግሩ ምንድን ነው ቢሉ፥ አንዲት የሃይድሮጂን ሞለኪውል የምትለቀው 2 ኤሌክትሮን ብቻ ስለ ሆነ ሥራዋ አጭር ነው። ፕሮፔን ግን በአሲድ ሴል ውስጥ ከ6 የውሃ ሞለኪውሎች ጋር ተዋሕዶ 3 ካርቦን ዳይኦክሳይድ እስኪሆን ድረስ 20 ኤሌክትሮን መልቀቅ አለበት፤ ካርቦንን ከካርቦን ያያያዘው ጠንካራ ማሠሪያም መበጠስ አለበት። ይህን የሚያፋጥነው፥ ራሱ ግን በሥራው የማያልቀው ነገር ካታሊስት ይባላል።

በ1960ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ የተደረጉ ሙከራዎች ፕሮፔን በትኩስ ፎስፎሪክ አሲድ ውስጥ በፕላቲኒየም ላይ እስከ መጨረሻው ኦክሳይድ እንደሚሆን አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ለጥቂት ኀይል ብዙ ፕላቲኒየም ይጠይቅ ነበር፤ የዚህን ብረት ዋጋ ለሚያውቅ ሰው ሌላ ማስረጃ አያሻውም። በዚያ ላይ በመካከል የሚፈጠረው ካርቦን ሞኖክሳይድ በፕላቲኒየሙ ገጽ ላይ ተጣብቆ ቦታ ይይዛል። ሩቴኒየም ሲጨመርበት ግን ይህ ብረት ከውሃ ኦክሲጅንን በቀላሉ ስለሚያገኝ ተጣባቂው ቶሎ ይነሣል።

ሁለተኛው መንገድ ሙቀት መጨመር ነው። ከ700 እስከ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሠራው የዚርኮኒያ ሸክላ ሴል ውስጥ ርካሹ ኒኬል ይበቃል። ነገር ግን ኒኬል ማሠሪያ በመበጠስ እጅግ የበረታ ስለ ሆነ፥ ደረቅ ሃይድሮካርቦን ሲሰጡት ጥቀርሻ ያበቅላል፤ ጥቀርሻውም ቀዳዳዎቹን ደፍኖ ኤሌክትሮዱን ይሰነጥቀዋል። የውሃ እንፋሎት ቢጨመር ነገሩ ይቀላል፥ መሣሪያው ግን ይወሳሰባል።

በ2000 በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች በኒኬል ፋንታ መዳብንና ሴሪያን አጣምረው ቡቴንን በቀጥታ አሠሩበት። የሚያስደንቀኝ ሥራውን መከፋፈላቸው ነው፤ መዳቡ ጥቀርሻ የማያበቅል ሰነፍ ካታሊስት ስለ ሆነ ኤሌክትሮን ከማስተላለፍ በቀር ሌላ አይጠየቅም፥ ነዳጁን ኦክሳይድ የሚያደርገው ሴሪያው ነው። መዳብ በ1085 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ግን ከሸክላው ጋር አብሮ ሊተኰስ አይችልም፤ አስቀድሞ ቀዳዳ የበዛበት ሸክላ ተተኵሶ ኋላ በመዳብ ጨው ውሃ ይነከራል። ሴሉ በብርቱ ሙቀት ብዙ ሲቈይ የመዳቡ ቅንጣቶች እየተሰባሰቡ የኤሌክትሮኑን መንገድ ይቈርጣሉ፤ ሙቀቱን ዝቅ ቢያደርጉት ደግሞ የነዳጁ መዋሐድ ይዘገያል።