ነርሲንግ ለሚጀምር የላስታ ልጅ፦ ምን ይገዛ፣ ምን ይቆይ

የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ሲወጣ ማስታወቂያው ላይ የሚዘረዘረው ከዓመት ዓመት ብዙ አይለያይም፤ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ውጤት ዋናውና ኮፒው፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ። ከላሊበላ በላይ በአሸተን ማርያም ዙሪያ ካሉት መንደሮች ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ለሚሄድ ልጅ ይህን ማሟላት ብቻውን በግ ያሸጣል። ከመንገዱ በፊት አንድ ነገር ይታይ፤ ስሙ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ፊደል በሁሉም ማስረጃ ላይ አንድ መሆኑ። ልዩነት ካለ እዚያው በተማረበት ትምህርት ቤት ማስተካከል ይቀላል።

ነርሲንግ እማራለሁ ብሎ የሚነሳ ልጅ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያስበው ስቴቶስኮፕና ነጭ ጋውን ነው። በዩኒቨርሲቲ ለሚገባ ግን ይህ ይቆይ። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ነው፤ ወደ ነርሲንግ የሚመደበው ከዚያ በኋላ፣ በውጤቱ ነው። ከተመደበም በኋላ የዩኒፎርሙን ቀለምና ስፌት የትምህርት ክፍሉ እስኪናገር መጠበቅ ይሻላል። እንደ ደሴ ጤና ሳይንስ ባለ ኮሌጅ የሚገባ ግን ቀጥታ በሙያው ስለሚጀምር ጋውኑ ቶሎ ያስፈልገዋል።

በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ገንዘብም ጊዜም ሊወጣበት የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት። ይህ የጉበት በሽታ በደም ይተላለፋል፤ ነርስ ደግሞ ከደምና ከመርፌ አይርቅም። ክትባቱ ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ ከመጀመሪያው በኋላ ሁለተኛው በወሩ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር። ስለዚህ ሆስፒታል ለልምምድ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው የተከተበ ልጅ ገና በደንብ ሳይጠበቅ ዋርድ ይገባል። በአገራችን ይህ ክትባት ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደ በልጅነቱ አላገኘውም። ከየትኛውም ዕቃ በፊት ይህ እንዲቀድም አጥብቄ እመክራለሁ።

ልምምዱ ሲደርስ የሚገዛው ጥቂት ነው። ጣትን የሚሸፍን፣ የማያንሸራትት፣ በውኃ የሚታጠብ ጫማ ይቀድማል፤ መርፌም መቀስም እግር ላይ ይወድቃል። ቀጥሎ የሰከንድ ቆጣሪ ያለው ሰዓት። ስልክ አይተካውም፤ በሽተኛ ነክቶ ስልክ፣ ስልክ ነክቶ በሽተኛ መንካት ጀርም ማዞር ነው። የልብ ምት የሚቆጠረው፣ አተነፋፈስ ሙሉ አንድ ደቂቃ የሚታየው፣ የግሉኮስ ጠብታ የሚስተካከለው በዚያች ሰዓት ነው። ለምሳሌ 1000 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ታዘዘ እንበል። በሰዓት 125 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ቱቦው በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ በደቂቃ 42 ጠብታ ግድም ማለት ነው። ይህን ስሌት ያለ ማሽን መሥራት የሚችል ልጅ ብዙ መንገድ ቀድሟል፤ የማካፈልና የማባዛት ልምምድ ደግሞ ክረምቱን እቤት ተቀምጦ ያለ አንዲት ሳንቲም የሚሠራ ነው።

ስቴቶስኮፕ መካከለኛው ይበቃል። የደም ግፊት መለኪያውን ሦስት አራት ጓደኛሞች አዋጥተው ቢገዙት መልካም ነው፤ ዶርም ውስጥ እርስ በርስ እየተለካኩ ይለማመዱበታል። መጽሐፍ ለመግዛትም መቸኮል አያስፈልግም። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በካርተር ማዕከል ድጋፍ የአገራችን ዩኒቨርሲቲ መምህራን ለጤና ተማሪዎች ያዘጋጇቸው የማስተማሪያ ጽሑፎች አሉ፤ መሠረታዊ የነርሲንግ ክህሎትም ከነሱ አንዱ ነው። በነፃ ይገኛሉ፤ ምሳሌዎቻቸውም የእኛ አገር በሽታዎች ናቸው።

የደጋ ልጅ በተለይ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ አሸተን ማርያም ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ዝቅ ያለ ቁጥር ሲያሳይ “ደጋ ስለሆነ ነው” ብሎ ማለፍ ይቀናል። ሆኖም በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ የሲንቲያ ቢልና የባልደረቦቿ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ጤነኛ ሰዎችን ለክቶ በአማካይ 95 በመቶ ግድም አግኝቷል፤ በቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም። እንግዲህ 85 የሚል ቁጥር በደጋነት አይታለፍም። መጀመሪያ ጣቱ በብርድ ደርቆ፣ ጥፍሩም ቀለም ተቀብቶ እንዳይሆን ይታይ፤ ሞቆ ሲለካም ያው ከሆነ ወዲያው ለኃላፊው ይነገር።

ትምህርቱም ቻርቱም በእንግሊዝኛ ነው፤ በሽተኛዋ ግን በቃሬዛ ከገደሉ ወርዳ የመጣች የገጠር እናት ናት። “ልቤን ያቃጥለኛል” ስትል ብዙ ጊዜ እጇ የሚያርፈው ጨጓራዋ ላይ ነውና “የቱ ጋ ነው እማማ፣ በእጅዎ ያሳዩኝ” ማለት ያስፈልጋል። ጾም ላይ መሆኗን፣ መድኃኒቱን የምትውጠው ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ጠበል እየተጠመቀች ከሆነ መድኃኒቱን አቋርጣ እንደሆነ መጠየቅም የነርስ ሥራ ነው። ስኳር ያለባት ሴት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማ መድኃኒቷን እንደወትሮው ብትወስድ ስኳሯ ወርዶ ልትወድቅ ትችላለች። ጥያቄው ቁጣ ወይም ንቀት ካለበት ደግሞ እውነቱን አትናገርም። በዚህ በኩል የላስታ ልጅ ከከተሜው ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ ቋንቋውንም ጾሙንም ከቤቱ ይዞ ሄዷል።

መርፌ ከተወጋ በኋላ ክዳኑን መልሶ መክደን አያስፈልግም፤ እንዳለ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ይግባ። ልጁን መርፌ ቢወጋውስ? ቦታውን ሳይጨምቅ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፤ ያኔውኑ ለኃላፊው ይናገር። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ቶሎ፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን ይወሰዳል። ይቆጡኛል ብለው የሚደብቁ ተማሪዎች አሉ፤ ቁጣ ያልፋል፣ የ72 ሰዓቱ ዕድል ግን አይመለስም።

የመውጫ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግዴታ ነው፤ ማለፊያው ከመቶ 50 ነው። ለሥራ ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የፈቃድ ፈተና አለ፤ በኮሌጅ ላለው ደግሞ የብቃት ምዘናው (ሲኦሲ)። በሁለተኛው ዓመት የተማሩት የሰውነት አካላት ትምህርት በመጨረሻው ዓመት ስለሚጠየቅ ማስታወሻው አይጣል። የልምምድ መዝገቡም (ሎግ ቡኩ) እንዲሁ፤ የተሠራው ሥራ በዚያው ቀን ይፈረምበት፣ የዋርዱ ኃላፊ በሳምንቱ ሊቀየር ይችላል።