የጥቁር አፈር ጠባይና የሕንፃ መሠረት



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ጎጃም የሚጓዝ ሰው ቁልቁለቱን እንደ ጨረሰ የሱሉልታን ሜዳ ያገኛል። በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ክረምቱ ሲወጣ ሣሩ ለድርቆሽ የሚታጨድበት ይህ ሜዳ ለከብት የተመቸ ነው፤ ለግንብ ግን አይደለም። ከተማዪቱ እየሰፋች ስትሄድ ጸሎት ቤቱም ክሊኒኩም በዚሁ መሬት ላይ መሠራቱ ስለማይቀር፣ ምእመናን ያዋጡት መባ ሲሚንቶ ከመሆኑ በፊት አፈሩ ሊመረመር ይገባል።

በአማርኛ መረሬ፣ በኦሮምኛ ኮቲቻ የሚባለው ይህ ጥቁር አፈር እዚህ የተገኘው ከባዛልት ድንጋይ መበስበስ ነው። በውስጡ ያለው ስሜክታይት የተባለ የሸክላ ማዕድን እንደ መጽሐፍ ገጾች የተነባበረ ስለሆነ ውሃ በመካከሉ ሲገባ ያብጣል፣ ሲወጣ ይኮማተራል። በአገራችን እንዲህ ያለው አፈር ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል።

«የእኛ ቤት ፎቅ ስላልሆነ ምርመራ አያስፈልገውም» ሲባል እንሰማለን። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ከባድ ሕንፃ በክብደቱ የአፈሩን ግፊት ሊቋቋም ይችላል፤ ቀላሉን የብሎኬት ቤት ግን ያበጠው አፈር ያነሣዋል። ያውም እኩል አያነሣውም። የጣራ ውሃ የሚወርድበት ማዕዘን ከፍ ሲል ደረቁ ባለበት ይቀራል፣ ግድግዳውም ከበርና ከመስኮት ጥግ ጀምሮ በሰያፍ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ከወቅቱ ጋር የሚሰፋና የሚጠብ ከሆነ ጥርጣሬው በአፈሩ ላይ ይሁን። በመንገድም ያው ነው፤ ከአስፋልቱ ሥር መካከሉ እርጥበቱን ጠብቆ ሲቆይ ዳሩ በየወቅቱ ስለሚረጥብና ስለሚደርቅ፣ በትከሻው በኩል ቁመቱን ይዞ የሚሄድ ስንጥቅ ይታያል።

ምርመራው በጉድጓድ ይጀመራል። (ስለ ሁለቱ ቤት ሠሪዎች ማቴዎስ ዓለቱን ብቻ ሲያነሣ ሉቃስ በምዕራፍ 6 ቁፋሮውንም መጨመሩን ልብ ይሏል።) በበጋ፣ መሬቱ ተሰንጥቆ ሳለ፣ ከአንድ በላይ ጉድጓድ ሁለት ሜትር ያህል ይቆፈር፤ ጠርዙ ስለሚናድ ግን ማንም ብቻውን አይግባ። ስንጥቁ የሚወርድበት ጥልቀት ይለካ። ጓሉ ሲፈለጥ እንደ ተወለወለ የሚያበራ ገጽ ከታየበት፣ አፈሩ እያበጠና እየተኮማተረ እርስ በርሱ ሲፋተግ የኖረ ነው።

ቀጥሎ ማንኛውም የፕሮጀክት ሠራተኛ ሊያደርገው የሚችል ሙከራ አለ። አፈሩ ደርቆ ይደቆስና በ0.425 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋል። ከዚህ 10 ሚሊ ሊትር ተለክቶ፣ 100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ በተሰመረ የመስታወት መለኪያ ውስጥ ውሃው ላይ ቀስ እየተባለ ይጨመራል፤ ከዚያም እስኪዘቅጥ 24 ሰዓት ይቆያል። የዘቀጠው አፈር 20 ሚሊ ሊትር ላይ ከደረሰ እብጠቱ 100 በመቶ ነው፤ ይህንና ከዚህ በላይ የሆነውን መፍራት ይገባል። ከ50 በመቶ በታች ያለው እምብዛም አያስቸግርም። ሙከራው ግን ማጣሪያ እንጂ ፍርድ አይደለም። ግፊቱን የሚለካው ላቦራቶሪ ስለሆነ፣ ያልተነካካ ጓል እርጥበቱ እንዳይጠፋ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የወጣበት ጥልቀት ተጽፎበት ይላክ።

ውጤቱ ክፉ ከሆነ ጥቁሩን አፈር አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ገረጋንቲው ውሃ ያሳልፋል፣ ዙሪያው ሸክላ ስለሆነ ውሃው መውጫ ያጣል፣ መሠረቱም በገንዳ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ መፍሰሻ ሳይበጅለት አይሞላ፤ የጣራውም ውሃ በአሸንዳ ተይዞ ከግድግዳው ይራቅ። ባሕር ዛፍ ሥሩ አፈሩን ስለሚያደርቀው በሕንፃው አጠገብ አይተከል። በቦታው ቀድሞ የነበረ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ እንደሆነም፣ የደረቀው አፈር እርጥበቱን መልሶ እንዲያገኝ ቢያንስ አንድ ክረምት ሳያልፍ መሠረት አይጣል።