«ኢንተርኔቱ አይሠራም»፦ የኮምፒዩተር ድጋፍ ሰጪ ባለሙያ በቃለ መጠይቅ የሚመዘነው በምንድን ነው?

በኮምፒዩተር ሳይንስ፣ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ወይም በተቀራራቢ መስክ ተመርቀው «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚል የቅጥር ማስታወቂያ ለሚያስሱ ወጣቶች ክፍት ከሚሆኑት በሮች አንዱ የኮምፒዩተር ተጠቃሚዎች ድጋፍ ሰጪ፣ በተለምዶ «ሄልፕ ዴስክ» የሚባለው የሥራ መደብ ነው። ባንክም ሆነ ሆስፒታል፣ ሆቴልም ሆነ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮምፒዩተር የገባበት መሥሪያ ቤት ሁሉ «ፕሪንተሩ እንቢ አለኝ»፣ «የይለፍ ቃሌን ረሳሁት» ለሚሉ ሠራተኞች መልስ የሚሰጥ ሰው ያስፈልገዋል።

የጽሑፍ ፈተናውን ያለፈ አመልካች ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ፣ ከሚጠብቁት ጥያቄዎች አንዱ እጅግ ቀላል ይመስላል፦ «አንድ ሠራተኛ ስልክ ደውሎ ‹ኢንተርኔቱ አይሠራም› ቢልዎ ምን ያደርጋሉ?» በዚህ ጥያቄ በከፍተኛ ውጤት የተመረቀ ተማሪ ሊሰናከል፣ መካከለኛ ውጤት ያለው ደግሞ ሊያልፍ ይችላል። ይህ የሚሆነው ጥያቄው ሸምድዶ የያዙትን ዕውቀት ሳይሆን የአስተሳሰብን ሥርዓት ስለሚመዝን ነው። ይህ ሥርዓት ደግሞ የሳይንስ ተማሪ በቤተ ሙከራ ሲለማመደው የቆየው የምርምር ዘዴ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ ማሳየት ነው።

ምልክትና ምክንያት

ከላይ የተጠቀሰው ጥያቄ ያልተሟላ ነው፤ ያልተሟላውም ሆን ተብሎ ነው። «ኢንተርኔቱ አይሠራም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ምልክትን እንጂ ምክንያትን አይገልጽም። ኬብሉ ተነቅሎ፣ ኮምፒዩተሩ አድራሻ ሳያገኝ ቀርቶ፣ የመሥሪያ ቤቱ መስመር ተቋርጦ፣ ወይም ሠራተኛው የከፈተው አንድ ድረ ገጽ ብቻ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። በሁሉም ሁኔታ ሠራተኛው የሚናገረው ያንኑ ቃል ነው።

በመሆኑም ወዲያውኑ «ራውተሩን አጥፍቼ አበራለሁ» ብሎ የሚመልስ አመልካች በሽተኛውን ሳይጠይቅ መድኃኒት የሚያዝዝ ሐኪምን ይመስላል። ራውተሩን ማጥፋት ችግር የሌለባቸውን የሌሎች ሠራተኞች ግንኙነት ጭምር ሊያቋርጥ እንደሚችልም ልብ ይሏል። ጠያቂዎቹ የሚሹት፣ አመልካቹ በቅድሚያ የሚከተሉትን አራት ነገሮች እንዲጠይቅ ነው፦ ችግሩ መቼ ጀመረ? ከዚያ በፊት የተለወጠ ነገር አለን? አጠገብ ባሉ ኮምፒዩተሮች ላይም ደርሷልን? በስክሪኑ ላይ የሚታየው መልእክት ቃል በቃል ምን ይላል? እያንዳንዱ መልስ አንዳንድ መላምቶችን ይጥላል፤ ሌሎችን ያጠናክራል። የጎረቤት ኮምፒዩተር በትክክል የሚሠራ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ከመሥሪያ ቤቱ ዋና መስመር ርቆ ወደ አንዱ ኮምፒዩተር ይጠጋል።

የፍተሻውን መስክ በግማሽ መክፈል

ብልሽቱ ሊገኝባቸው የሚችሉ 16 ቦታዎች አሉ እንበል። አንድ በአንድ የሚፈትሽ ሰው ዕድል ካልቀናው እስከ 15 ፍተሻ ሊያደርግ ይችላል። እያንዳንዱን ፍተሻ የቀረውን መስክ ለሁለት እኩል እንዲከፍል አድርጎ የሚመርጥ ሰው ግን 16ቱን ወደ 8፣ ወደ 4፣ ወደ 2፣ በመጨረሻም ወደ 1 በማውረድ በ4 ፍተሻ ብቻ ይደርስበታል። በአልጎሪዝም ትምህርት የሁለትዮሽ ፍለጋ የሚባለው ይኸው ነው። በተግባር መስኩ ሁልጊዜ እኩል ባይከፈልም፣ መርሁ ግን አይለወጥም፦ ጥቂት ድካም የሚጠይቀውና ብዙ መላምት የሚጥለው ፍተሻ ይቅደም።

ይህን በኔትወርክ ላይ እንመልከተው። አንድ ኮምፒዩተር ከሌሎች ጋር ለመገናኘት የአይፒ አድራሻ የሚባል ቁጥር ያስፈልገዋል። በመሥሪያ ቤቶች ውስጥ ይህ ቁጥር በአብዛኛው ዲኤችሲፒ በሚባል አሠራር በራሱ ይታደላል። ኮምፒዩተሩ አድራሻ የሚያድለውን መሣሪያ ፈልጎ ካጣ፣ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል፤ የዚህ አሠራር ደንብ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ የኢንተርኔት መስፈርት ተዘርዝሯል። በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ «አይፒኮንፊግ» የተባለውን ትእዛዝ ጽፎ ይህን ቁጥር ያየ ባለሙያ፣ ድረ ገጾችን መመርመሩን ትቶ ኬብሉንና አድራሻ አዳዩን ይፈትሻል። አንድ ቁጥር ብቻ የፍተሻውን አቅጣጫ ለወጠ ማለት ነው።

አድራሻው ትክክል ሆኖ ከተገኘስ? «ፒንግ» በሚባለው ትእዛዝ በመጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱን መውጫ በር፣ ቀጥሎ በውጭ ያለን አንድ አድራሻ፣ ለምሳሌ የጉግልን 8.8.8.8 መጥራት ይቻላል። ቁጥሩ መልስ እየሰጠ የድረ ገጽ ስም ብቻ አልከፈት ካለ፣ ጥርጣሬው ስሞችን ወደ ቁጥር አድራሻ በሚመልሰው በዲኤንኤስ አገልግሎት ላይ ያርፋል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። አንዳንድ ኔትወርኮች የፒንግን ጥሪ ሆን ብለው ያግዳሉ። ስለዚህ መልስ መምጣቱ መንገዱ ክፍት መሆኑን ያረጋግጣል፤ መልስ አለመምጣቱ ግን ብቻውን መንገዱ መዘጋቱን አያረጋግጥም። ይህን ልዩነት በቃለ መጠይቅ ላይ የሚጠቅስ አመልካች ትእዛዙን ብቻ ሳይሆን የማስረጃን ምንነት መረዳቱን ያሳያል።

ሌላው የቤተ ሙከራ ሕግ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ኬብሉን ቀይሮ፣ አድራሻውን አድሶና ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ያበራ ሰው ችግሩ ቢፈታለት እንኳ የትኛው እንደፈታው አያውቅም። በማግስቱ ችግሩ ሲመለስ እንደገና ከዜሮ ይነሣል።

ከስልኩ ማዶ ያለው ሰው

ድጋፍ ሰጪው መረጃ የሚያገኘው ከመሣሪያ ብቻ ሳይሆን ከሰውም ጭምር ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ሆኖም ተጠቃሚው በሽታውን የሚደብቀው ብዙውን ጊዜ ስለሚያፍር ነው። የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት በሰኔ 30 ዋዜማ ኮምፒዩተራቸው የቆመባቸውን አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ እናስብ። «ምን ነካክተው ነው?» ተብለው ቢጠየቁ «ምንም» ብለው ይመልሳሉ። «ችግሩ ሲፈጠር ምን እየሠሩ ነበር?» ቢባሉ ግን ከሌላ ቦታ ያመጡትን ፍላሽ መሰካታቸውን ሊናገሩ ይችላሉ። ሁለቱ ጥያቄዎች የሚፈልጉት አንድን መረጃ ነው፤ የሚያገኙት ግን ሁለተኛው ብቻ ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ብሂል ለዚህ ሙያ የተነገረ ይመስላል።

ጠያቂዎች ቅደም ተከተልን በሚመለከትም ይፈትናሉ፦ «የሥራ አስኪያጁ ፕሪንተር ተበላሽቶ ሳለ፣ በዚያው ሰዓት የአምስት ገንዘብ ተቀባዮች ኮምፒዩተር ቢቆም የቱን ያስቀድማሉ?» እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ መንግሥት ተነሳሽነት መዘጋጀት የጀመረውና ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት «አይቲል» የተባለ የአሠራር መመሪያ፣ ቅድሚያ በሁለት መመዘኛዎች ይወሰን ይላል፦ ችግሩ በሚያደርሰው ጉዳት ስፋትና በጉዳዩ አስቸኳይነት። በዚህ ሚዛን ደንበኞች የተሰለፉበት የገንዘብ መቀበያ ይቀድማል። ይሁን እንጂ ሙሉው መልስ ይህ ብቻ አይደለም። ለሥራ አስኪያጁም ጥያቄያቸው መመዝገቡንና በስንት ሰዓት እንደሚደረስላቸው በአክብሮት ማስታወቅ የመልሱ ግማሽ ነው።

«ይህን ማድረግ አልችልም» ማለት

ድጋፍ ሰጪ የይለፍ ቃል የመቀየር ሥልጣን ስላለው የመሥሪያ ቤቱን ቁልፍ የያዘ ዘበኛ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 15 ቀን 2020 በወቅቱ ትዊተር ይባል በነበረው ኩባንያ ላይ የደረሰው ይህን በሚገባ ያሳያል። አጥቂዎቹ የድርጅቱ ሄልፕ ዴስክ ነን እያሉ ለሠራተኞች በመደወል ወደ ሐሰተኛ የመግቢያ ገጽ መሯቸው። ባገኙት የመግቢያ ቃልም 130 ያህል አካውንቶችን ዒላማ አደረጉ፤ ከእነዚህም የባራክ ኦባማና የጆ ባይደን ይገኙባቸዋል። በስማቸውም የቢትኮይን ማጭበርበሪያ መልእክት አሠራጩ። ጥቃቱ የተጀመረው በረቀቀ ፕሮግራም ሳይሆን በስልክ ንግግር ነበር።

ስለዚህ «ኃላፊ ነኝ፣ ቸኩያለሁ፣ የይለፍ ቃሌን አሁኑኑ ቀይርልኝ» የሚል ስልክ ቢደወል ምን እንደሚደረግ ሲጠየቁ፣ ትክክለኛው መልስ «በመዝገብ ላይ ባለው ቁጥርዎ መልሼ እደውልልዎታለሁ» የሚል ነው። ታላቅን ማክበር በሥር የሰደደበት ኅብረተሰብ ውስጥ ይህን ለአለቃ መናገር ቀላል አይደለም። ነገር ግን መመሪያውን መጠበቅ አለቃውን መናቅ አይደለም፤ በስማቸው ሊፈጸም ከሚችል ወንጀል እሳቸውን መጠበቅ ነው።

የማያውቁትን ሲጠየቁም እንዲሁ ነው። ግምትን እንደ እውነት ማቅረብ በዚህ ሥራ አደገኛ ጠባይ ነው። «ይህን አላውቀውም፤ ሆኖም የስሕተቱን መልእክት መዝግቤ የአምራቹን መመሪያ እመለከታለሁ፤ ካልፈታሁት የሞከርኩትን ሁሉ ጽፌ ለሁለተኛ ደረጃ ባለሙያ አስተላልፋለሁ» የሚል መልስ የሙያ ብስለት ምልክት ነው።

ልምድ ሳይኖር ልምድ ማካበት

ያልተቀጠረ ሰው እንዴት ይለማመዳል? እንደ ቨርቹዋልቦክስ ያለ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሌላ ምናባዊ ኮምፒዩተር ለመፍጠር ያስችላል። በዚያ ላይ ኡቡንቱ ሊኑክስን ወይም ዊንዶውስን ጭኖ፣ የኔትወርኩን አድራሻ ሆን ብሎ አበላሽቶ መጠገን፣ ቢበላሽም ሰርዞ እንደገና መጀመር ይቻላል። የዲፓርትመንቱን ቤተ ሙከራ ወይም የቀበሌን ቤተ መጻሕፍት በበጎ ፈቃድ ማገልገልም አንድ መንገድ ነው።

ዋናው ነገር መዝገብ መያዝ ነው። በአንድ ደብተር ላይ ምልክቱን፣ መላምቱን፣ ፍተሻውንና ውጤቱን በአራት ዓምድ የመዘገበ ተማሪ፣ «ከዚህ በፊት የፈቱትን ችግር ይንገሩን» ሲባል የሚናገረው አያጣም። ወቅታዊ ጉዳዮችንም መከታተል ይበጃል። ለምሳሌ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። የቆዩ ኮምፒዩተሮች ባሉበት መሥሪያ ቤት ይህ ምን ችግር እንደሚያስከትል ማስረዳት የሚችል አመልካች ሥራውን ከወዲሁ እንደጀመረ ይቆጠራል።

ከቃለ መጠይቁ በኋላ

«አልፈዋል» የሚለው ስልክ ሲመጣ ፈተናው አያበቃም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ስምምነት የሚደረግ ሲሆን፣ ሥራ ከተጀመረበት ዕለት አንሥቶ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ የመንግሥት ሠራተኞች ግን በሌላ ሕግ ይተዳደራሉ። በሙከራው ጊዜ ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ያልተገኘን ሠራተኛ አሠሪው ያለማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ስለሚችል፣ ውሉን አንብቦ መፈረምና ቀናቱን መቁጠር አስፈላጊ ነው።

በእነዚህ ቀናት አዲሱ ባለሙያ ከሁሉ በፊት ሊያነበው የሚገባው ከእርሱ በፊት የነበሩት የመዘገቧቸውን የቆዩ የጥገና ጥያቄዎች ነው። የመሥሪያ ቤቱ ተደጋጋሚ ብልሽቶች እዚያ ተጽፈው ይገኛሉ። ከዚያም የእያንዳንዱን ጥያቄ መዝገብ ከመዝጋቱ በፊት ተጠቃሚውን «አሁን ይሠራልዎታል?» ብሎ ይጠይቅ። በቤተ ሙከራ ውጤት የሚጸናው ተደግሞ ሲረጋገጥ እንደሆነ ሁሉ፣ ጥገናም ተጠናቀቀ የሚባለው ባለጉዳዩ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ሥራውን ሲቀጥል ነው።