የጨዋታው ቀሪ ክፍል በሌላ መሣሪያ፤ የሴጋ ኩባንያና የደንበኞቹ ክርክር

ዕቃን ከነተከታዩ የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ ከደንበኛው ጋር አንድ ያልተጻፈ ውል ይዋዋላል። ፋኖስ የሸጠ ባለሱቅ ብርጭቆው በተሰበረ ጊዜ ምትኩን ያቀርባል ተብሎ ይታመናል፤ የልብስ ስፌት መኪና ያስመጣ ወኪልም መርፌውንና መለዋወጫውን በመጋዘኑ ሳያኖር ቢቀር ገበያው ይፈርድበታል። ይህ ያልተጻፈ ውል በቪዲዮ ጨዋታ ንግድ ውስጥ እንዴት እንደሚፈርስ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ሼንሙ የተባለው የጃፓን ጨዋታ ሁለተኛ ክፍል ከአንድ መሣሪያ ወደ ሌላ መሣሪያ የተዛወረበት ሁኔታ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የዚህን ንግድ ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ተጫዋቹ ሁለት ዕቃ ይገዛል። አንደኛው ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዘውና ኮንሶል የሚባለው መሣሪያ ሲሆን፥ ሁለተኛው በዲስክ ተቀርጾ የሚሸጠው ጨዋታ ነው። ለአንዱ ኩባንያ መሣሪያ የተሠራ ዲስክ በሌላው ኩባንያ መሣሪያ ላይ አይሠራም። አምራቾቹም ብዙ ጊዜ መሣሪያውን በጥቂት ትርፍ፥ አንዳንዴም በኪሣራ ሸጠው፥ ትርፋቸውን ከጨዋታዎቹ ሽያጭና ሌሎች ጨዋታ ሠሪዎች ከሚከፍሉአቸው ድርሻ ይሰበስባሉ። ስለዚህ አንድ ጨዋታ በየትኛው መሣሪያ ይሸጥ የሚለው ነገር የመሐንዲሶች ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የነጋዴዎች ጉዳይ ነው።

የጃፓኑ ሴጋ ኩባንያ ድሪምካስት የተባለውን መሣሪያ በኖቬምበር 1998 ዓ.ም. በገዛ አገሩ፥ በሴፕቴምበር 1999 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ በ199 ዶላር ዋጋ ለገበያ አቀረበ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሼንሙ በጃፓን ወጣ፤ አሜሪካ የደረሰውም በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የጨዋታው ደራሲና ዋና አዘጋጅ ሚስተር ዩ ሱዙኪ በኋላ ዘመን እንደ ተናገሩት፥ ለሥራው የወጣው ገንዘብ ወደ 47 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል፤ ለዚያ ዘመን እጅግ ከፍተኛ ወጪ ነበረ። ታሪኩ የአባቱን ገዳይ ስለሚፈልግ ሪዮ ሐዙኪ ስለሚባል የዮኮሱካ ከተማ ወጣት ነው። ተጫዋቹ እየተዘዋወረ ሰዎችን ይጠይቃል፤ ሱቅ ገብቶ ዕቃ ይገዛል፤ ገንዘብ ሲያልቅበትም ወደብ ወርዶ በፎርክሊፍት ሣጥን እያመላለሰ ደመወዝ ይቀበላል። (የአስመጪና የላኪ ሥራ በጨዋታ ውስጥ እንዲህ ያለ ስፍራ ሲያገኝ ማየት ብዙም የተለመደ አይደለም።) የመጀመሪያው ክፍል የሚያልቀው ወጣቱ ገዳዩን ተከትሎ በመርከብ ወደ ሆንግ ኮንግ ሲሳፈር ነው። ደንበኛው እንግዲህ ግማሽ ታሪክ ገዝቶ፥ ቀሪውን በዚያው መሣሪያ ሊገዛ ጠበቀ።

ይሁንና የሴጋ ሒሳብ ይህን የሚፈቅድ አልነበረም። ሶኒ በ2000 ዓ.ም. ሁለተኛውን ፕሌይስቴሽን ባወጣ ጊዜ የድሪምካስት ገበያ ቀዘቀዘ። በጃንዋሪ 31 ቀን 2001 ዓ.ም. ሴጋ ከማርች ወር መጨረሻ ጀምሮ ድሪምካስትን ማምረት እንደሚያቆምና ከእንግዲህ ወዲህ ለሌሎች ኩባንያዎች መሣሪያ ጨዋታ እየሠራ እንደሚኖር አስታወቀ፤ መሣሪያው በአሜሪካ ወደ 99 ዶላር ወረደ። የኩባንያው ሊቀ መንበር ሚስተር ኢሳኦ ኦካዋ ወደ 695 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት የግል ሀብታቸውን ለኩባንያው ሰጥተው በዚያው ዓመት ማርች ወር ዐረፉ። የራሱን ድርሻ ከኩባንያው አውጥቶ የሚሸሽ ባለሀብት በበዛበት ገበያ ይህ ሊጠቀስ የሚገባው ነገር ነው። በመላው ዓለም የተሸጠው ድሪምካስት ከ9 ሚሊዮን ጥቂት ከፍ ይላል።

ሁለተኛው ሼንሙ በድሪምካስት በሴፕቴምበር 2001 ዓ.ም. በጃፓን፥ በኖቬምበር ደግሞ በአውሮፓ ወጣ። በአሜሪካ ግን አልወጣም። ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ የተባለውን አዲሱን መሣሪያውን በኖቬምበር 15 ቀን 2001 ዓ.ም. በ299 ዶላር ገበያ ላይ ሲያውል፥ የሁለተኛው ሼንሙ የአሜሪካ መብት ለእርሱ ሆነ፤ ጨዋታው በዚያ የተሸጠውም በኦክቶበር 2002 ዓ.ም. ነው። የድሪምካስቱ የአሜሪካ ዕትም ተሰረዘ። በዚያን ጊዜ የሴጋ የአሜሪካ ቅርንጫፍ ኃላፊ የነበሩት ሚስተር ፒተር ሙር በጃንዋሪ 2003 ዓ.ም. ወደ ማይክሮሶፍት ሥራ ተዛወሩ፤ የተዛወረው ጨዋታው ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

የጨዋታው ወዳጆች ክርክር የተነሣው ከዚህ ላይ ነው። አንደኛው ወገን፥ «መሣሪያውን የገዛነው ለዚህ ታሪክ ነው፤ ለአውሮፓ የወጣው ዕትም ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ዲስኩን ለአሜሪካ መሣሪያ ማተም ብቻ ነው የቀረው፤ ስለ ምን ሌላ 299 ዶላር እንድናወጣ እንገደዳለን?» ይል ነበር። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የኤክስቦክስን ጉልበት ይጠቅስ ነበር። በእርግጥም የድሪምካስት የሥራ ማስታወሻ 16 ሜጋባይት ሲሆን የኤክስቦክስ 64 ነው፤ በድሪምካስት 4 ዲስክ የፈጀው ጨዋታ በኤክስቦክስ በአንድ ዲቪዲ ይጠቃለላል፤ ተጫዋቹም በታሪኩ መካከል ዲስክ ለመለወጥ አይነሣም። ስለ ድምፁም ተከራክረዋል። የአውሮፓው ዕትም የጃፓኖቹን ተዋንያን ድምፅ እንዳለ ጠብቆ ትርጉሙን በጽሑፍ ሲያቀርብ፥ የኤክስቦክሱ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የተተካ ነበር፤ አንዱ የመጀመሪያውን ቃና ሲወድ ሌላው ማንበብ ይሰለቸዋል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ደንበኞቹን ያስቈጣው የመዝገቡ ነገር ነው፤ የሒሳብ መዝገብ የያዘ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። በመጀመሪያው ክፍል ተጫዋቹ ያጠራቀመው ገንዘብ፥ የሰበሰበው ዕቃና የተማረው የትግል ስልት በአንዲት ትንሽ የማስታወሻ ካርድ ተመዝግቦ ይቀመጣል። የድሪምካስቱ ሁለተኛ ክፍል ይህን መዝገብ ተቀብሎ፥ ያለፈው ዓመት ቀሪ ሒሳብ ወደ አዲሱ ዓመት መዝገብ እንደሚዛወር ሁሉ፥ ካቆመበት ያስቀጥለዋል። በኤክስቦክስ ግን የመጀመሪያው ክፍል ከቶ ስላልወጣ የሚዛወር ቀሪ ሒሳብ አልነበረም። በምትኩ የመጀመሪያውን ክፍል ታሪክ አሳጥሮ የሚያሳይ ፊልም በዲቪዲ ተቀርጾ ከጨዋታው ጋር ተሰጠ። ለአዲስ ገዢ መልካም ምርቃት ነው፤ ወራት ደክሞ በወደብ ሣጥን ላመላለሰው ለቀድሞው ደንበኛ ግን መዝገቡ ተዘግቶ በባዶ ሒሳብ ጀምር እንደ መባል ይቈጠራል። ማይክሮሶፍት ይህን ያደረገው በክፋት አልነበረም፤ የሌላ ኩባንያ ካርድ በእርሱ መሣሪያ ላይ የሚገባበት ስፍራም አልነበረውም። ቢሆንም የንግድ ሰው ደንበኛው ካጠፋው ጊዜ ጋር የተያያዘውን ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ለይቶ ማየት እንደሚገባው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

በወኪል በኩል ያልመጣ ዕቃ በሌላ መንገድ መምጣቱ አይቀርም። ብዙ የአሜሪካ ደንበኞች የአውሮፓውን ዕትም ከባሕር ማዶ ሱቆች እየጻፉ አስመጡ። ድሪምካስት የየክፍለ ዓለሙን ዲስክ ለይቶ የሚቀበልበት ቍልፍ አለው፤ ደንበኞቹ ግን አስቀድሞ በሚገባ ሌላ ማስጀመሪያ ዲስክ ይህን ቍልፍ አልፈው ተጫወቱ። በዚህ አኳኋን የዲስኩ ዋጋ፥ የፖስታውና የማስጀመሪያው ተደምሮ እንኳ ከአዲሱ መሣሪያ ዋጋ ብዙ ያነሰ ነበር። ሴጋ ከአውሮፓው ሽያጭ የሚደርሰውን አላጣም። ከዚህ ገበያ ምንም ያልደረሰው የአሜሪካው ባለሱቅ ነው፤ ደንበኛው በደጁ እያለፈ ገንዘቡን ወደ ውጭ አገር ላከ።

ለኩባንያው ወገን ሲፈረድም፥ ዲስክ ማተም ብቻውን ትንሹ ወጪ መሆኑን ማሰብ ይገባል። በ2001 ዓ.ም. መጨረሻ የአሜሪካ ሱቆች የቀረውን የድሪምካስት ዕቃ በርካሽ እያወጡ መደርደሪያቸውን ለአዲሶቹ ለኤክስቦክስና ለጌምኪዩብ ያስለቅቁ ነበር። ምርቱ ለቆመ መሣሪያ አዲስ ጨዋታ ይዞ የሚሄድ ሻጭ፥ ካልተሸጠ መልሰህ ውሰድ የሚል ባለሱቅ ይገጥመዋል፤ ማስታወቂያውም፥ መጋዘኑም፥ መልሶ ማጓጓዣውም በአምራቹ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። በሌላ በኩል አዲስ ገበያ የሚከፍት ማይክሮሶፍት፥ ስም ያለው የጃፓን ጨዋታ ለብቻው እንዲኖረው ይፈልግ ነበር። ኪሣራ ላይ ላለ ኩባንያ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ግልጽ ነው። ሊወቀስ የሚገባው ምርጫው ሳይሆን፥ ለቀድሞው ደንበኛ አንዳች ማካካሻ፥ ለምሳሌ በዋጋ ቅናሽ ወይም በጥቂት ቍጥር በትእዛዝ የሚታተም ዲስክ፥ ያልታሰበለት መሆኑ ነው። አስቀድሞ ገንዘብ ተቀብሎ በተጠየቀው ቍጥር ልክ ማሳተም የመጻሕፍት ነጋዴዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ የሚያውቁት ዘዴ ነበር።

ይህ ዘዴ በእርግጥ ኋላ መጣ፤ የመጣው ግን ለሦስተኛው ክፍል ነው። ሁለተኛው ክፍልም ታሪኩን ሳይፈጽም ነበርና የቆመው፥ ወዳጆቹ ለ14 ዓመታት ያህል ፊርማ እያሰባሰቡና እየወተወቱ ቆዩ። በጁን 15 ቀን 2015 ዓ.ም. ሚስተር ሱዙኪ በሶኒ የማስታወቂያ ጉባኤ ላይ ቀርበው ከሕዝብ 2 ሚሊዮን ዶላር ለመኑ። ገንዘቡ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ሞላ፤ በመጨረሻው 69,320 ሰዎች ከ6.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡ። ደንበኛው ዕቃው ሳይሠራ ከፋይ ሆነ ማለት ነው።

ነገር ግን ሦስተኛው ክፍል የተባለው ለ4ኛው ፕሌይስቴሽንና ለኮምፒዩተር ብቻ ነው። እንግዲህ ታሪኩን ተከትለው በ2002 ዓ.ም. ኤክስቦክስ የገዙት ሰዎች፥ በተራቸው የድሪምካስቱ ደንበኞች የነበሩበት ስፍራ ላይ ተገኙ፤ ጥያቄያቸውም ቃል በቃል ያው ሆነ። የኮምፒዩተሩም ዕትም ያለ ክርክር አልቀረም። አስቀድሞ ስቲም በተባለው የሽያጭ መንገድ ይሰጣል ተብሎ ሳለ በ2019 ዓ.ም. ለአንድ ዓመት በኤፒክ ኩባንያ መደብር ብቻ እንዲሆን ስለ ተወሰነ፥ ካዋጡት ብዙዎች ተቈጡ፤ ኋላም ገንዘቡ ይመለስልን ላለ እንዲመለስለት ተፈቀደ። ከማካካሻ አንጻር ሲታይ ይህ ከ2001 ዓ.ም. ይሻላል። ጨዋታው በኖቬምበር 19 ቀን 2019 ዓ.ም. ወጣ።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፥ በኦገስት 2018 ዓ.ም.፥ ሴጋ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ክፍል በአንድ ማኅደር አድርጎ ለ4ኛው ፕሌይስቴሽን፥ ለኤክስቦክስ ዋንና ለኮምፒዩተር አውጥቶ ነበር። የጃፓንኛውን ወይም የእንግሊዝኛውን ድምፅ መምረጥ ስለ ተቻለ ያ አሮጌ ክርክር እንዲሁ አለቀ። የኤክስቦክስ ደንበኛም የመጀመሪያውን ክፍል በፊልም ሳይሆን በጨዋታነቱ ሊያገኘው የቻለው ሁለተኛውን ከገዛ ከ16 ዓመት በኋላ በዚህ ጊዜ ነው።

በ2025 ዓ.ም. የሦስተኛው ክፍል የማሳተም መብት ኢኒን ጌምስ ወደሚባል ኩባንያ ተላለፈ፤ ወዲያውም ጨዋታውን ወደ ኤክስቦክስና ወደ ኔንቴንዶ መሣሪያ የማዛወሩ ወሬ በወዳጆቹ ዘንድ እንደ ገና ተነሣ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ግን የሴጋ ናቸው፤ ሦስቱን በአንድ ሣጥን ሊሸጥ የሚያስብ ነጋዴ ሁለት ውል መዋዋል ይኖርበታል።