«የኔ ነው!» የሚለው ልጅ

ሕፃን ልጅ «እኔ» ማለት የሚጀምረው አፍ ሲፈታ ይመስለናል። ነገሩ ቀደም ይላል። ገና የተወለደ ሕፃን ጉንጩን የሌላ ሰው ጣት ሲነካው ጡት ፍለጋ አፉን ወደዚያ ያዞራል፤ የራሱ እጅ ሲነካው ግን ያን ያህል አይደለም፤ የራሱን አካል ከሌላው ይለያል ማለት ነው።

ራስን ከውጭ ማየት ግን ጊዜ ይወስዳል። ቢዩላ አምስተርዳም የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመችው ጥናት፣ ሕፃናት አፍንጫቸው ላይ ቀይ ቀለም ተቀብተው መስታወት ፊት ቀረቡ። ትንንሾቹ መስታወቱ ውስጥ ካለው «ልጅ» ጋር ሊጫወቱ ሞከሩ። ከ20 ወር በላይ የሆናቸው ግን አብዛኞቹ የገዛ አፍንጫቸውን ነኩ። «የኔ ነው!» እያሉ መጫወቻ መንጠቅም የሚብሰው በዚሁ ዕድሜ አካባቢ ነው። ስስት ብላችሁ አትቆጡ፤ ልጁ ድንበሩን እያሰመረ ነው።

ደግሞ በመስታወት ብቻ አትፍረዱ። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት፣ ግንባራቸው ላይ ወረቀት የተለጠፈባቸው የኬንያ ልጆች፣ እስከ 6 ዓመት ያሉትም ጭምር፣ አብዛኞቹ መስታወቱን እያዩ ድርቅ ብለው ቀሩ እንጂ አልነኩትም። ራሳቸውን ስላላወቁ አይመስለኝም። ትልቅ ሰው ፊት እጁን ሰብስቦ መቆም የለመደ ልጅ፣ ትልቅ ሰው የለጠፈውን ለመንካት ፈቃድ ይጠብቃል።